የምሳ ሰዓቱ ብስክሌተኛ

ታላቅ ወንድሜ ዘንድሮ ሃምሳ አንድ ሞላው። ሥራው መነጽር ነው፤ መሸጡ ሳይሆን መሞረዱ። ከሐኪም ዘንድ ትእዛዝ ሲመጣለት ክቡን ሌንስ ማሽኑ ላይ እያዞረ ይሞርዳል፣ ፍሬሙ ውስጥ ልክ እስኪገባ ድረስ ጠርዙን ያሳንሳል። መጨረሻ ላይ በእጅ ብቻ የምትሠራ ቀጭን ሥራ አለች፤ እሷን ሲሠራ ትንፋሹን ይይዛል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ትንፋሹን እየያዘ ኖረ። ሚስት አላገባም። ያለነው እኔና እማዬ ነን። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፣ የድሮ ጓደኞቹ ደግሞ ጭቃው ይሉታል።

ጭቃው ያሰኘውን ነገር መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ያለዚያ የቀረው አይገባችሁም። በወጣትነቱ ሳይክሎክሮስ የሚሉትን ውድድር ይወዳደር ነበር። ሳይክሎክሮስ ማለት ጤነኛ ሰው ዝናብ ሸሽቶ ቤቱ ሲገባ ብስክሌት ይዞ ሜዳ መውጣት ማለት ነው። ጭቃ ውስጥ ይነዳሉ፣ እርጥብ ሣር ላይ ይነዳሉ፤ ደረጃ ወይም የእንጨት መሰናክል ሲገጥማቸው ዘለው ይወርዱና ብስክሌቱን ትከሻቸው ላይ ጥለው ይሮጣሉ፣ ከዚያ እንደገና ዘለው ይወጣሉ። አባታችን በሕይወት እያለ አንዴ ሊያየው ሄዶ ነበር። ሲመለስ ልጁ ብስክሌቷን ሳይሆን ብስክሌቷ ልጁን ስትጋልበው እንዳየ እየተናገረ እራት እስኪቀርብ ድረስ ሳቀ። ጋሼ በዚያ ቀን ሁለተኛ ወጥቶ ነበር፤ እሱን ግን ማንም አላነሳውም።

ብስክሌቷ አሁንም አለች። ከሩቅ ለሚያያት የአስፋልት ውድድር ብስክሌት ትመስላለች፤ መሪዋ ወደ ታች የተጠማዘዘ ነው፣ ነጂው ጎንበስ ብሎ ነው የሚይዘው። ጎማዋ ግን ጥርስ አለው፣ ጭቃ እንዳይጠቀጠቅባትም በጎማውና በአካሏ ቱቦ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ተትቶላታል። ጭቃ የሚከላከል ፓራፋንጎ የላትም። ዕቃ መጫኛ የላትም፤ እሱን የሚያስሩበት ቀዳዳ እንኳ አልተበሳላትም። ለአንድ ሰዓት ውድድር ተሠራች እንጂ ለዕለት ተዕለት ምልልስ አልተሠራችም። አባታችን ሲሞት ቤቱ የሚደገፍበት ሰው አስፈለገው፣ ጋሼ ውድድሩን ተወ፣ ብስክሌቷም ግድግዳ ላይ ተሰቀለች።

ከሦስት ዓመት በፊት እማዬን ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ። አፏና አእምሮዋ፣ ተመስገን ነው፣ ምንም አልሆኑም። ከሆስፒታል ስትወጣ አንድ ነገር ደጋግመው ነገሩን፤ ቀኑን ሙሉ በየአራት ሰዓቱ፣ ቢበዛ በአምስት ሰዓት፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው መዞር አለባት። ካልዞረች ገላዋ ይቆስላል፤ ቁስሉ ከጠና ደግሞ በቤት ውስጥ ማቆየት ቀረ፣ ወደ አረጋውያን ማቆያ ነው። እማዬ ማቆያ የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሼ ያንን አየ። በመጀመሪያው ወር ዳሌዋ ላይ የቀላች ቦታ ወጥታ ነበርና ነገሩ ማስፈራሪያ እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ጋሼ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አዙሮ አስተኝቷት ይወጣል፣ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመለሳል። መሃሉ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እኔ? እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ፣ ቤቴ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው፣ ባል አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። ምክንያት ከፈለጋችሁ ሞልቶኛል። እሁድ እሁድ እየመጣሁ ልብስ አጥባለሁ፣ ምግብ ሠርቼ ማቀዝቀዣውን እሞላለሁ፣ የእማዬን ጸጉር አበጥራለሁ። ማዞሩን ግን እሁድም ቢሆን ጋሼ ነው የሚሠራው። ሲሠራ እያየሁት ከክፍሉ እወጣ ነበር፣ ለእማዬ ክብር ብዬ ነው ስል ለራሴ።

ስለዚህ በምሳ ሰዓቱ እየመጣ እንዲያዞራት ብስክሌቷ ከግድግዳው ወረደች። ከሚሠራበት ሞረዳ ቤት እስከ እማዬ ቤት በአውቶቡስ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ የምሳ እረፍታቸው ግን ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ነው። አቋራጭ አለ፣ መንገድ ከተባለ። አስፋልቱን ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ የጭቃ መንገድ ይገባል፣ ከዚያ ሐዲዱን የሚሻገረው የእግረኛ ድልድይ አለ፤ አርባ አንድ ደረጃ ሽቅብ፣ አርባ አንድ ደረጃ ቁልቁል። ድልድዩን ሲጨርስ በመጋዘኖቹ ጀርባ ያለው ጠጠር ይቀበለዋል፣ መጨረሻ ላይ የሰፈራችን ዳገት። ተራ ብስክሌት ጭቃው ላይ ይቀራል፤ ወፍራሙ የተራራ ብስክሌት ደረጃው ላይ ወገብ ይቆርጣል። ይህችኛዋ ጭቃውንም አስፋልቱንም ትችላለች፣ ስትሸከሟትም ቀላል ናት። ሃያ አንድ ደቂቃ። መሄጃና መመለሻው ሲቀነስ ለእማዬ አሥራ ስምንት ደቂቃ ይተርፋታል።

ሞረዳ ቤቱ በር ላይ የፊርማ መዝገብ አለ። ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን አለቃው በቀይ እስክሪብቶ መስመር ያሰምራል፤ ከመስመሩ በታች የፈረመ ዘግይቷል ማለት ነው። አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፣ መስመሯን ግን ለእናቱም አያዘገያት። ጋሼ ምሳውን በእግሩ እየቆመ፣ በአንድ እጁ በር እየከፈተ ነው የሚበላው። ብዙ ቀን ደግሞ አይበላውም፤ እሁድ ስመጣ ምሳ ዕቃው ውስጥ የዓርቡን ምግብ እንዳለ አገኘዋለሁ። አልጣፈጠህም ወይ ብዬ አኩርፌበት አውቃለሁ። ምን ዓይነት ደነዝ እንደነበርኩ ተመልከቱልኝ።

መጀመሪያ አካባቢ ይከብድሃል ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። ሳቀብኝ። እንዲያውም ወጣትነቱን እንደመለሰለት፣ ቢሮ ተቀምጠው ቦርጭ የሚያወጡት ጓደኞቹ እንደሚቀኑበት ነገረኝ። ለእማዬም እንደዚያው ነው የሚላት። በር ሲከፍት እያፏጨ ይገባል፣ ዛሬ ነፋሱ ልዩ ነበር ይላል፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣሁት ይላል፣ የባቡሩ ሹፌር እጁን አወዛወዘልኝ ይላል። እኔም አመንኩት፣ ማመኑ ተመችቶኝ ነበር።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ እትዬ ነርሷ ነው የምንላቸው። በሁለተኛው ወር ገደማ በሩ ላይ አገኙኝና ቀን ቀን ሥራ ፈትተው እንደሚውሉ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ብቅ ብለው እማዬን ማዞር ለሳቸው ምንም እንዳልሆነ፣ ክፍያም እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። ከደስታዬ ብዛት አቅፌ ሳምኳቸው። እየሮጥኩ ገብቼ ለእማዬ ስነግራት ግን ራሷን ነቀነቀች።

"እሳቸው ከገቡ እሱ አይመጣም" አለችኝ። "ያኔ ለኛ ሲል ውድድሩን ተወ። አሁን በኔ ሰበብ መልሶ አገኘው። በዚያ በር ሲገባ ፊቱን አይተሽዋል? ልጅ ይሆናል እኮ። ይህቺን አልነጥቀውም።"

እንግዲያው ምክንያቱን ልንገረው ስላት ደነገጠች። "እንዳትይው! ለኔ ብላ ነው ብሎ ይተወዋል። የባዳ እጅ ታፍራለች በይው፣ በቃ።"

እኔም አልኩት። በስልክ ነው የነገርኩት፣ ወጥ እያማሰልኩ። እትዬ ነርሷ እንዲህ ብለው ነበር፣ እማዬ ግን የባዳ እጅ ስለምታፍር እምቢ ብላለች አልኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ ስል "ይሁን፣ እሷን ደስ እንዳላት" አለ። ወጡ ሊያርርብኝ ስለሆነ ስልኩን ዘጋሁ።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሦስት ክረምት ማለት ነው። ፓራፋንጎ የሌላት ብስክሌት የኋላ ጎማዋ ጭቃውን እያነሳ ከወገብ እስከ ማጅራት በጀርባ ላይ ይረጫል፤ እሁድ የማጥበው ኮት ሁሉ መሃል ጀርባው ላይ አንድ ቡናማ መስመር አለበት። ቱቦዋ የሚያርፍበት ቀኝ ትከሻው ሲበልዝ አየሁና ከኮቱ ሥር ስፖንጅ ሰፋሁለት። በራሴ ኮርቼ ነበር፣ እንዴት ያለች እህት ብዬ። ትከሻው ለምን እንደበለዘ እያወቅሁ፣ ሰውዬው ስለሚሸከመው ነገር አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም።

በኋላ ከሥራ ባልደረባው እንደሰማሁት፣ ከምሳ ሲመለስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሚንቀጠቀጥ እጅ ሌንስ አይሞረድም። አጠገቡ የምትቀመጠው ሴትዮ አይታ እንዳላየች ሆና እስከ ሰባት ተኩል ድረስ የሚታጠብ የሚታጠበውን ሌንስ ወደሱ ትገፋለታለች፣ የእሱን ደግሞ እሷ ትሞርዳለች። ዘንድሮ ክረምት ግን ሰባት ተኩልም አልበቃው አለ። የሦስት ሌንስ ጠርዝ ሸርፎ አበላሸ። አለቃው ለብቻው ጠርቶ አራተኛ ከተበላሸ ማሽኑን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ወደ ማሸጊያ ክፍል እንደሚያዛውረው ነግሮታል። ሃያ ስድስት ዓመት ከሞረደ በኋላ ካርቶን እንዲያሽግ! ይህን ለእኔም ለእማዬም አልተነፈሰም።

እኔ ያወቅሁት አንድ ረቡዕ ነው። ትምህርት ቤቱ ጣሪያው አፍስሶ ቢሮዬ ውኃ ስለገባ ከረፋዱ ለቀቁን። ወደ ቤቴ ከምሄድ ብዬ እማዬ ዘንድ መጣሁ። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ስገባ እማዬ ዓይኗን በግድ ከፍታ ከእንቅልፍ ጋር ትግል ላይ ናት። ትንሽ ተኚ አልኳት። እርጥብ ፎጣ አምጥቼ ፊቷን እንዳብስላት ለመነችኝ፤ ጋሼ ሲመጣ ተኝታ እንዳያገኛት ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ እንዳልዞረ ያስታውቃል። ይሁን ብዬ አበስኩላትና ምሳ ላሞቅ ወጥ ቤት ገባሁ።

የወጥ ቤቱ መስኮት የውጭውን ደረጃ ያሳያል። ዝናቡ እየወረደ ነው፤ ነፋሱም እኔ በመጣሁበት ጊዜ ዣንጥላዬን ገልብጦ ሰብሮብኛል። ስድስት ከሃያ ላይ ጋሼ ደረሰ። ከብስክሌቷ ላይ መውረዱ ራሱ አንድ ሥራ ነበር፤ እግሩን አነሳለሁ ሲል እምቢ እያለው በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ አሻገረው። ግድግዳው ላይ አስደገፋት፣ ከዚያ የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ። ራሱን ጉልበቱ መሃል ቀበረና ጀርባው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። የምሳ ሳህኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ደቂቃ ተቀመጠ። ሲነሳ መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ እፍ አለበት፣ በመሃረብ ፊቱን ጠረገ፣ ከንፈሩን አሹሎ ፉጨቱን ሞከረ። መጀመሪያ አልወጣለትም። ሁለተኛ ሞከረ፣ ወጣለት፣ በሩን ከፈተ።

ዛሬ ነፋሱ ከኋላዬ ነበር፣ ሳልነካት ነው ያመጣችኝ ሲላት ከወጥ ቤት እሰማለሁ። እማዬ ሳቀች፤ የድልድዩን ደረጃ እንዴት እንደወጣው ጠየቀችው፣ እሱም ነገራት። ብቅ ስል ደነገጠ፣ ከምንጊዜው መጣሽ አለ፣ እኔም እሱም ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ አወራን። ሲወጣ እስከ ደረጃው ተከትዬው ደክሞሃል አልኩት። ጎማ ተንፍሶበት እንደቆመ ነገረኝና እየነዳ ሄደ። ጎማው ድንጋይ ይመስል ነበር፣ ምንም አልተነፈሰም።

ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። እሱ እማዬ ሸክም ሆንኩ እንዳትል ብሎ ደስታ ነው ይላታል። እሷ ደስታውን እንዳትነጥቀው ብላ ነርሷን ትመልሳለች። መሃላቸው ቆሜ ውሸቱን ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ወዲያው ልናገር ይገባኝ ነበር፣ አውቃለሁ። ለእማዬ ብነግራት ልጄን ጨረስኩት ብላ ትብከነከናለች፣ ለሱ ብነግረው የሦስት ዓመት ልፋቱ ለምንም እንዳልነበረ ያውቃል እያልኩ ሁለት ሳምንት ሆድ ይፍጀው አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ አይደል? የፈራሁት ለራሴ ነው። በስልክ፣ ወጥ እያማሰልሽ ነው ወይ የነገርሽኝ እንዳይለኝ ነው።

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ለሰባት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት። አልጋዋ አጠገብ አንድ ቁልፍ ብቻ የምትጫንበት ስልክ አለ፣ ለክፉ ቀን ተብሎ የኔ ቁጥር የተሞላበት። በሹክሹክታ ነው የምታወራው። "ነይ። በሩን ቀስ ብለሽ ክፈቺ" አለችኝና ዘጋች። ቦርሳዬን እንኳ ሳልይዝ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ሹፌሩ በር ላይ እንዲጠብቀኝ ነግሬው ወረድኩ። ብስክሌቷ ደረጃው ሥር ወድቃለች፣ የፊት ጎማዋ ተጣሟል። ገባሁ። እማዬ በጎኗም ሳትሆን በጀርባዋም ሳትሆን ትራስ ላይ ተንጋዳ ተኝታለች። ጋሼ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ራሱን ፍራሹ ጠርዝ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። ግራ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሟል፤ አንጓው እንደ ዳቦ አብጧል። የእማዬ ደህነኛ እጅ ጭቃ የተጋገረበት ጸጉሩ ውስጥ ነው። ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል።

እንዳልቀሰቅሰው በጣቷ ምልክት ሰጠችኝና ቀስ ብላ ነገረችኝ። ብስክሌቷን ትከሻው ላይ እንደያዘ ከድልድዩ ደረጃ ተንሸራቶ ወድቋል። ከዚያ ወዲህ በእግሩ እየገፋት መጣ። እጁን ታጥቦ፣ እንደ ሁልጊዜው ሊያዞራት ሞከረ፤ በአንድ እጅ ግማሽ ድረስ አነሳትና ከዚያ ወዲያም ወዲህም አልሆነለትም። ደረቱ ላይ ተደግፋ ቀረች።

"ከዚያ፣ እማዬ ደከመኝ አለኝ" አለች። "ትራስ አስደግፎኝ ትንሽ ልቀመጥ ብሎ እዚያው ቁጭ አለ። ብጠራው አልሰማኝም። ይሄ ልጅ ደከመኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። አንቺ ሰምተሽው ታውቂያለሽ?"

አልሰማሁም፣ ግን አይቻለሁ አልኳት። ያንን ረቡዕ እንዳለ ዘረገፍኩላት፤ ደረጃው ላይ መቀመጡን፣ አራት ደቂቃውን፣ ፉጨቱን ሁለት ጊዜ መሞከሩን። ነፋሱ ፊት ለፊቱ እንደነበር። እማዬ ዓይኗን ወደ ጸጉሩ መለሰች። ቀጥላ የተናገረችው ለኔ አልመሰለኝም።

"ሌሊት ያመኛል፣ አልተኛም። የሚቀናኝ እንቅልፍ የቀን ነው፣ ስድስት ሰዓት ላይ። ሲመጣ የሚያዋራው ሰው ይፈልጋል ብዬ ሦስት ዓመት ዓይኔን እየጎረጎርኩ ጠበቅሁት።"

ጋሼ ነቃ። ነቅቶ ምን ያህል እንደሰማ አላውቅም፤ ዓይኑን ሲከፍት መጀመሪያ የጠየቀው ሰዓት ነው። ነገርኩት። መስመሩ ከተሰመረ ግማሽ ሰዓት ማለፉን ሁለታችንም እናውቃለን። ለመነሳት እጁን ሲያስደግፍ በህመሙ ፊቱ ነጣና መልሶ ተቀመጠ።

ያኔ ተናገርኩ። ቆሜ መናገር ስላቃተኝ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ነርሷን እማዬ እምቢ ያለቻቸው አፍራ እንዳልነበረ፣ የብስክሌቱን ደስታ እንዳትነጥቅህ ብላ እንደነበር፣ የባዳ እጅ ታፍራለች ያልኩህ ያን ጊዜ በይው ስላለችኝ ነው፣ እኔም አንዴ እንኳ ቆም ብዬ አላሰብኩም አልኩት። እንዲጮህብኝ ፈልጌ ነበር። ቢጮህ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን እኔን ትቶ እማዬን ቀና ብሎ አያት።

"እትዬ ነርሷን አታፍሪም ነበር?"

"እሳቸው ነርስ ናቸው፣ ምን አሳፈረኝ" አለች እማዬ። የጸጉሩን ጭቃ በጣቶቿ እያሸች ነበር፣ እሱን አቆመች። "ያፈርኩትስ አንተን ነው። ሴት ነኝ፣ ልጄ ነህ። በየቀኑ በሩ ሲከፈት ነበር የማፍረው። ግን ደስ ብሎህ ስትገባ አይና፣ ይሁን እላለሁ።"

ጋሼን ሳቅ ሳቅ አለው፤ ሳቁ ትከሻውን ሲነቀንቀው እጁን አመመውና ያ ሳቅ ወዴት እንደሄደ ባላውቅም ሳየው እያለቀሰ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው፣ ካልሲው ውኃ ቋጥሮ፣ የእናቱ አልጋ ሥር ተቀምጦ ያለቅሳል። እማዬም አለቀሰች። እኔ እግሩን ይዤ ተቀመጥኩ።

ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ፣ ታክሲው ሳይሄድ እንያዘው ብዬ ተነሳሁ። ጋሼ በደህነኛው እጁ ቀሚሴን ያዘኝ።

"መጀመሪያ እሷን አዙሪያት። ከጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ እኮ በአንድ ጎኗ ናት።"

እማዬን አየኋት። ከዚያ እጆቼን አየኋቸው። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሳድጌአለሁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ እዚህ ክፍል ውስጥ ተመላልሻለሁ። ፊቴ እስኪቃጠል ድረስ አፍሬ፣ አላውቅበትም አልኩ።

አልገረመውም። ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ያስተምረኝ ጀመር፣ ድምፁ የደከመ ነው፣ ቃሎቹ ግን አንዷም አትስትም። መጀመሪያ መዳፌን እፍ እያልኩ እንዳሞቀው፤ ቀዝቃዛ እጅ ያስደነግጣታል። የታመመውን ክንዷን ሆዷ ላይ አድርጌ እንዳስቀምጥ፣ ከሥሯ እንዳይቀር። አንዱ እጄ ከትከሻዋ ጀርባ፣ አንዱ ከዳሌዋ። እንዳልገፋት፣ ወደ ራሴ እንድስባት። ትራሷን በጉልበቶቿ መሃል። የአንሶላው እጥፋት ከሥሯ እንዳይቀር በእጄ ዳስሼ እንዳቃናው፣ አንዲት እጥፋት በቂ ናት ለመቁሰል። እሺ፣ እሺ እያልኩ እንዳለኝ አደረግሁ። እማዬ ትንፋሿ አንገቴ ላይ እስኪሰማኝ ድረስ ወደኔ መጣች፣ ሳስቀምጣት ኡፍ አለች፣ የእፎይታ ኡፍ። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ቀና ስል ወገቤ ለሁለት የተቆረጠ ነበር የመሰለኝ። አንዴ ነው ያዞርኳት።

ጋሼ ከወለሉ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆይቶ "ጎበዝ" አለኝ። ከልቡ ነው ያለኝ። እሱን ግን በነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ ጎበዝ ያለው ሰው አልነበረም፣ እኔም ሳልለው ይኸው ታክሲው ከውጭ ክላክሱን ነፋብን።